ጊታር መጫወት የማይችለው ራዲዮ ጠጋኝ፦ የሊዮ ፌንደር ሕይወት

የድሮ ፌንደር አምፕሊፋየር እጃችሁ ቢገባና የጀርባ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ፣ አንዲት ትንሽ ወረቀት ታገኛላችሁ። በሳጥኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች። የትኛው ቲዩብ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚሰካ ትናገራለች። ሙዚቀኛው ያቺን ወረቀት ዕድሜ ልኩን ላያያት ይችላል። የተለጠፈችው ለሌላ ሰው ነው፤ አምፕሊፋየሩ ከዓመታት በኋላ ሲበላሽ ለሚከፍተው፣ ስሙ ለማይታወቅ ጠጋኝ።

አሁን ይህን የምታነቡበትን ስልክ አስቡት። ባትሪው በሙጫ ተጣብቋል። ለመክፈት ሙቀት ይፈልጋል። የሚጠግነው ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካምፓኒው እያገዘው ሳይሆን እያስቸገረው ነው የሚሠራው። ያቺን ወረቀት ያስለጠፈው ሰው ግን ራሱ የጥገና ሱቅ ሰው ነበር። ሊዮ ፌንደር ይባላል።

ስሙን የምታውቁት በጊታር ይሆናል። ቴሌካስተርና ስትራቶካስተር የሚባሉት፣ በየሙዚቃ ቪዲዮው የምታዩዋቸው ኤሌክትሪክ ጊታሮች የእሱ ናቸው። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። መቃኘት እንኳ አይችልም። የሚችለው የተበላሸ ነገር ከፍቶ ለምን እንደተበላሸ ማወቅ ነው። ዛሬ የምናወራውም ከጊታሩ ይልቅ ስለዚያ ሳጥን፣ ስለ አምፕሊፋየሩ ነው።

ሙሉ ስሙ ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር። የተወለደው ኦገስት 10 ቀን 1909 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች መካከል። ወላጆቹ ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬዎች ነበሩ። 8 ዓመት አካባቢ ሲሆነው ግራ ዓይኑ ላይ ዕጢ ወጣበትና ዓይኑን አጣ። በምትኩ የመስታወት ዓይን ተደረገለት። ይህ ጉዳይ በኋላ እንመለስበታለን፤ ከጦርነት ያስቀረው እሱ ነው።

ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ እያለ አጎቱ አንድ ሳጥን ላከለት። አጎትየው ሳንታ ማሪያ በምትባል ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራበት ሱቅ ነበረው። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ተነቅሎ የተጣለ የራዲዮ ዕቃና አንድ የመኪና ባትሪ ነው። ለሌላ ልጅ ቢሆን ቆሻሻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሊዮ አጎቱን ሊጠይቅ ሄደ። ሱቁ ደጃፍ ላይ አጎቱ ከትርፍራፊ ዕቃ ገጣጥሞ የሠራው ራዲዮ ተቀምጧል፤ ከስፒከሩ የሚወጣው ሙዚቃ መንገዱን ሞልቶታል። የዚያ ድምፅ ጩኸት ልጁ ልብ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ቤቱ እንደተመለሰ ወላጆቹ ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ የሰው ራዲዮ መጠገን ጀመረ።

እዚህ ላይ ስለ ቲዩብ ትንሽ እንበል፤ ካለበለዚያ የቀረው ታሪክ አይገባም። ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት ራዲዮም ሆነ አምፕሊፋየር የሚሠራው በቲዩብ ነበር። ቲዩብ አምፖል የሚመስል፣ አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ዕቃ ነው። ውስጡ ያለ ቀጭን ሽቦ ይግላል፤ ሙቀቱ ኤሌክትሮኖችን ያስነሳል፤ እነሱም ከፍተኛ ቮልት ወዳለበት ብረት ይሮጣሉ። በመንገዳቸው ላይ ወንፊት የመሰለ ሽቦ አለ። ከጊታር የሚመጣው ደካማ ምልክት እዚያ ወንፊት ላይ ሲደርስ ትልቁን ፍሰት ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። የቧንቧ መክፈቻን አስቡ፤ በሁለት ጣት ትንሽ ስታዞሩት ብዙ ውኃ ይታዘዝላችኋል። እንግሊዞች ቲዩብን ቫልቭ ይሉታል። ድምፅ የሚጎላው በዚህ መንገድ ነው። ሌላው ነገር ሁሉ፣ ትራንስፎርመሩ፣ ካፓሲተሩ፣ ሬዚስተሩ፣ ይህን ሥራ ለማገዝ የተቀመጠ ነው።

ሊዮ ይህን የተማረው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አይደለም። በ1928 ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ፉለርተን ኮሌጅ ሲገባ የመረጠው ትምህርት አካውንቲንግ ነው! የኤሌክትሮኒክስ ኮርስ አልወሰደም። የሚማረው ከተበላሹ ራዲዮዎች ነበር። በዚያ ዘመን የቲዩብ ፋብሪካዎች ዕቃቸው እንዲሸጥላቸው ሲሉ የናሙና ንድፍ ያለባቸው መጻሕፍት ያሳትሙ ነበር፤ ይህን ቲዩብ በዚህን ያህል ሬዚስተር አገናኙት፣ ይህን ያህል ኃይል ታገኛላችሁ የሚሉ። የፌንደር የመጀመሪያ አምፕሊፋየሮች ከእነዚያ ንድፎች ብዙም አይርቁም። ሰውየው ከባዶ ተነስቶ የፈለሰፈ ጠንቋይ አልነበረም። የታተመውን አንብቦ፣ ሠርቶ፣ ሲበላሽ አይቶ ያሻሻለ ሰው ነው። በእኔ ግምት ይሄ ከፈጠራ ተረቶች ሁሉ የበለጠ ደስ ይላል።

ከኮሌጅ በኋላ በረዶ የሚሸጥ ካምፓኒ ውስጥ መጀመሪያ አመላላሽ፣ ቀጥሎ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። በጎን ለአንድ የባንድ መሪ ለጭፈራ ቤት የሚሆኑ 6 የድምፅ ማጉያ መሣሪያዎችን ሠራ። በ1934 ኤስተር ክሎስኪ የምትባል ልጅ አገባ። ከዚያ ለካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራ። ጊዜው ግን የታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ነው፤ ሥራው ታጠፈ። የጎማ ካምፓኒ ውስጥ ገባ፤ ከ6 ወር በኋላ እሱም አለቀ። 30 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ሚስት አግብቶ፣ ሥራ የለውም።

በ1938 600 ዶላር ተበደረና ፉለርተን ተመልሶ ፌንደር ራዲዮ ሰርቪስ የሚል ሱቅ ከፈተ። ራዲዮ ይጠግናል፣ ሸክላ ማጫወቻ ይጠግናል፣ የድምፅ መሣሪያ ያከራያል።

በዚያ አካባቢ ሙዚቀኛ ሞልቷል። ጊታር ተጫዋቾች ደግሞ አንድ ችግር ነበረባቸው፤ ከበሮና ጥሩምባ ባለበት ባንድ ውስጥ የጊታር ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ጊታሩ ላይ ድምፅ የሚቀበል ዕቃ አስገጥመው በአምፕሊፋየር ማጉላት ጀመሩ። አምፕሊፋየሩ ሲበላሽ የሚሄዱት የት ነው? ራዲዮ ጠጋኝ ጋ።

ሊዮ ይህን ሙያ የቀሰመው በዚህ በር ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው መጀመሪያ መሥራት ተምረህ ከዚያ መጠገን ትችላለህ ብሎ ነው። እሱ ግን በተቃራኒው ሄደ። ከመሥራቱ በፊት ምን እንደሚበላሽ አወቀ። ራዲዮ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም። የሙዚቀኛ አምፕሊፋየር ግን በየሌሊቱ መኪና ላይ ይጫናል፣ ይወድቃል፣ መጠጥ ይደፋበታል፣ ሙሉ ድምፅ ተከፍቶ ለሰዓታት ይግላል። የላላ ሽቦ ይነቀላል። ደካማ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ተጫዋቹ ደግሞ ነገ ማታ ሥራ አለበት፤ ዛሬ ካልተጠገነለት ገንዘብ አያገኝም። ይህን ሁሉ ሊዮ ያየው ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የመስታወት ዓይን ያለውን ሰው ጦር ሠራዊቱ አልፈለገውም። ወጣቱ ሲዘምት እሱ ሱቁ ውስጥ ቀረ። በዚህ መሃል ዶክ ካውፍማን የሚባል ሙዚቀኛ ተዋወቀ። ዶክ ሪከንባከር ለሚባለው የጊታር ካምፓኒ የሠራ ሰው ነው። ሁለቱ ሆነው ሸክላ የሚቀያይር መሣሪያ ሠርተው በ5,000 ዶላር ሸጡት፤ በዚያ ገንዘብ ኬ ኤንድ ኤፍ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። በ1945 ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ ጊታርና ትንሽ አምፕሊፋየር አንድ ላይ አድርገው መሸጥ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ሊዮ ጥገናውን ትቶ ወደ ፋብሪካ ሥራ ጠቅልሎ ልግባ አለ። ዶክ ነገሩ አላሳመነውም፤ በ1946 ተለየው። ሊዮ ብቻውን ቀጠለ፤ ድርጅቱንም በራሱ ስም ጠራው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ኤስተር ስልክ ካምፓኒ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራ ስለነበር የእሷ ደመወዝ ቤቱን ደግፎ ያዘ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲወራ የሚስትየው ደመወዝ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እኛ እንጥቀሰው።

በ1946 የወጡት አምፕሊፋየሮች ሳጥናቸው ያልተሸፈነ ጠንካራ እንጨት ነበር። ፕሪንስተን፣ ዴሉክስ፣ ፕሮፌሽናል የሚባሉ ስሞች ያኔ ተወለዱ። ከ1948 ጀምሮ ደግሞ ቢጫማ ጨርቅ ለበሱ፤ የሻንጣ መሸፈኛ የነበረ ጨርቅ ነው። እነዚህን ዛሬ ሰብሳቢዎች በሺዎች ዶላር ይሻሟቸዋል።

ውስጣቸው ግን ከውጪያቸው ይበልጣል። ዕቃዎቹ፣ ሬዚስተሩም ካፓሲተሩም፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው ተበይደዋል። አንዱ ሲሞት ሌላውን ሳትነካ ለብቻው ነቅለህ ትተካዋለህ። ቲዩቦቹ ስክ ናቸው፤ አምፖል እንደመቀየር ነው። ብረቱ በጥቂት ብሎኖች ይለቀቃል። ብየዳውን የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ከነሱም ብዙዎቹ የሜክሲኮ ተወላጆች። ሥራውን የጨረሰችው ሴት ስሟን በቁራጭ ፕላስተር ላይ ጽፋ ብረቱ ውስጥ ትለጥፋለች። ከ60 እና 70 ዓመት በኋላ አምፕሊፋየሩን የሚከፍት ጠጋኝ ያንን ስም ያገኘዋል።

ጊታሮቹም ላይ የተደረገው ይኸው ነው። በ1950 እና 1951 የወጣው፣ በመጨረሻ ቴሌካስተር የተባለው ጊታር አንገቱ በሙጫ አልተጣበቀም፤ በ4 ብሎን ታስሯል። አንገቱ ከተሰበረ ፈትቶ ሌላ መግጠም ነው። በጊታር ሠሪዎች ዘንድ ይህ የተለመደ አልነበረም፤ ሊዮ ግን ጊታርን እንደ ራዲዮ ነበር የሚያየው። በ1951 የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር፣ በ1954 ስትራቶካስተር ተከተሉ።

መጫወት የማይችል ሰው የሠራው ነገር ጥሩ መሆኑን በምን ያውቃል? ሙዚቀኛ ይጠይቃል። ሊዮ አዲስ አምፕሊፋየር ሲሠራ ለተጫዋች ሰጥቶ ጭፈራ ቤት ይልከዋል፤ ሲመለስ ምን እንደተሰማው ይጠይቃል፤ ያስተካክልና መልሶ ይልከዋል። ከነዚህ ሞካሪዎች ሁሉ ጨካኙ ዲክ ዴል የሚባል ወጣት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ በሺዎች ለሚቆጠር ሰው ይጫወታል፤ ወፍራም ክር ይጠቀማል፤ ድምፁን እስከ ጫፍ ይከፍታል። የተሰጠውን አምፕሊፋየር በተራ በተራ ያቃጥላል፣ ስፒከሩን ይቀዳል። ሊዮ ልጁን አትጩህ አላለውም። የበለጠ ትልቅ ትራንስፎርመርና 15 ኢንች የጄቢኤል ስፒከር ያለው ሾውማን የሚባል አምፕሊፋየር ተሠራ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሊዮና ዓለም አልተግባቡም። ቲዩብ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ይሻክራል፤ የምልክቱ ጫፍ ይቆረጣል። ለራዲዮ ጠጋኝ ይሄ ብልሽት ነው። ሰው ራዲዮ የሚያመጣለት ድምፁ ሻከረብኝ ብሎ አይደል? ስለዚህ ሊዮ ዓመቱን ሙሉ የሚታገለው ድምፁ እየጎላ ግን ጥርት ብሎ እንዲወጣ ነበር። በየዓመቱ የሚወጡት ሞዴሎች እየጠሩ ሄዱ። ጊታሪስቶቹ በበኩላቸው ያንኑ ሻካራ ድምፅ እየወደዱት መጡ። ብሉዝ ተጫዋቾች ትንሿን አምፕሊፋየር ሆን ብለው እስከ መጨረሻው ይከፍቷታል። የሮክ ሙዚቃ ድምፅ የምንለው፣ ከሥሩ ስታዩት፣ ሊዮ ሊጠግነው ሲደክምለት የነበረው ብልሽት ነው።

የዚህ ትልቁ ማሳያ ለንደን ውስጥ ሆነ። ፌንደር ከ1952 ጀምሮ ባስማን የሚባል አምፕሊፋየር ይሠራል፤ ለቤዝ ጊታር ተብሎ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው፣ ጠጋኞች 5ኤፍ6-ኤ በሚለው የንድፍ ቁጥሩ የሚያውቁት፣ አራት 10 ኢንች ስፒከሮች ነበሩት። ለቤዝ ተሠርቶ ጊታሪስቶች ወሰዱት። ለንደን ውስጥ ጂም ማርሻል የሚባል ከበሮ መቺ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው፤ ወጣት ጊታሪስቶች እየመጡ የአሜሪካኑን ዕቃ ይፈልጋሉ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ማርሻል ከጠጋኙ ከኬን ብራን እና ከወጣቱ ዱድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ ባስማኑን ንድፍ ወሰዱ። በ1962 ጄቲኤም45 የሚባለውን የመጀመሪያውን ማርሻል ሠሩ። ንድፉ ያው ነው ማለት ይቻላል። የተለወጠው እንግሊዝ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ቲዩብና ትራንስፎርመር፣ እንዲሁም ጀርባው የተዘጋ ባለ አራት 12 ኢንች ስፒከር ሳጥን ነው። በዚህ ብቻ ድምፁ ሌላ ሆነ። ማርሻል የሮክ ስም ሆኖ ቀረ።

ይህን ያነበበ ሰው ሌብነት ነው ሊል ይችላል። እኔ እንደዚያ ለማለት ይከብደኛል። ሊዮ ራሱ ከታተመ ንድፍ ነው የጀመረው፤ አምፕሊፋየሩንም ማንም ከፍቶ እንዲያነበው አድርጎ ነው የሠራው። ክፍት በር ሲኖር ሰው ይገባል።

ከዚያ 1965 መጣ።

ሊዮ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሳይነስ ኢንፌክሽን ሲያሰቃየው ኖሯል። አልድን አለ። ሰውየው ብዙ እንደማይቆይ አመነ፤ ጉዳዩን ሁሉ ለመዝጋት ወሰነ። በጃንዋሪ 1965 ድርጅቱን ለግዙፉ የብሮድካስት ካምፓኒ ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ለንጽጽር ያህል፣ ይኸው ሲቢኤስ ከጥቂት ወራት በፊት የኒውዮርክ ያንኪስን፣ ያን ዝነኛ የቤዝቦል ቡድን፣ 80 በመቶውን የገዛው በ11.2 ሚሊዮን ነው። በ600 ዶላር ብድር የተከፈተው የራዲዮ ሱቅ ዋጋ ለዚያ የቡድን ድርሻ ከተከፈለው በለጠ።

ከሽያጩ ጥቂት ቆይቶ ሐኪም ቀየረ። አዲሱ ሐኪም አዳነው።

አስቡት እስቲ። ሊሞት ነው ብሎ ሸጠ፤ አልሞተም። ውሉ ደግሞ ለ10 ዓመት ተወዳዳሪ ሥራ እንዳይሠራ ያስረዋል። አማካሪ የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ግን ፋብሪካው የሌላ ሰው ነው፣ በሩ ላይ የራሱ ስም እንዳለ።

ሲቢኤስ ፋብሪካውን አሰፋ፤ ምርቱንም አበዛ። በ1966 ያለ ቲዩብ በትራንዚስተር የሚሠሩ አምፕሊፋየሮች አወጣ፤ ቶሎ ቶሎ እየተበላሹ ስም አጠፉ። በ1967 የቲዩቦቹ አምፕሊፋየሮች ፊት ከጥቁር ወደ ብርማ ተለወጠ። አንዳንድ ሞዴሎች ውስጥ ካፓሲተርና ሬዚስተር ተቀየረ፤ የሽቦው አደራደርም እንደ ድሮው ጥንቃቄ አልነበረውም። ጊታሪስቶች ወዲያው ለዩት። ከሲቢኤስ በፊት የሚል አነጋገር የጥራት ምልክት ሆነ።

እናም ይሄ ለጀማሪ ጠጋኞች ያልታሰበ ትምህርት ቤት ከፈተ። ባለ ብርማ ፊቱ ርካሽ ነው፣ ባለ ጥቁር ፊቱ ውድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዕቃዎች ናቸው። የድሮውን ንድፍ ዘርግቶ፣ ከፊቱ ካለው ጋር አንድ በአንድ እያነጻጸረ፣ የተለወጠውን ወደነበረበት የሚመልስ ሰው ሳያውቀው ሙያውን ይማራል። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ቲዩብ አምፕሊፋየር ማሻሻል የሚጀምረው በዚህ ነው።

ከነዚህ ጠጋኞች አንዱ ራንዳል ስሚዝ ይባላል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሙዚቀኞችን አምፕሊፋየር የሚጠግን ወጣት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ለቀልድ ብሎ የአንድ ጊታሪስትን ትንሽ ፌንደር ፕሪንስተን ከፈተና ውስጧን የትልቁን ባስማን ንድፍና አንድ ኃይለኛ 12 ኢንች ስፒከር አጨቀባት። ከውጪ ያው ትንሽ ሳጥን ናት። ካርሎስ ሳንታና መጥቶ ሞከራትና ያቺ ትንሽ ነገር ቡጊ ትላለች ብሎ ተገረመ። ሜሳ ቡጊ የሚባለው ትልቅ የአምፕሊፋየር ካምፓኒ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ማርሻልን ብትሉ፣ ቡጊን ብትሉ፣ ሁለቱም የጀመሩት የሊዮን ክዳን ከፍተው ነው።

እዚህ ጋ ቆም ብለን አንድ ነገር እንናገር፤ ይህን አንብቦ ካቻቢቴ የሚያነሳ ልጅ አይጠፋምና። ቲዩብ አምፕሊፋየር ይገድላል። ማጋነን አይደለም። ውስጡ ትንሿ ላይ እንኳ ከ300 ቮልት በላይ አለ፤ ትልልቆቹ ላይ ከ400 በላይ ይሄዳል። ዋናው ወጥመድ ደግሞ ከግድግዳው ነቅላችሁትም ካፓሲተሮቹ ኃይሉን ይዘው መቆየታቸው ነው። ስለዚህ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች መጀመሪያ ይነቅላሉ፣ በሬዚስተር በኩል ኃይሉን ያፈሱታል፣ ከዚያ በቴስተር ለክተው ዜሮ መሆኑን ሳያዩ ጣታቸውን አያስገቡም። በርቶ የሚለካ ነገር ካለ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በልብ በኩል ነው የሚሄደው። የድሮዎቹ መሰኪያቸው ባለ ሁለት ሹካ ስለሆነ መሬት ያለው ባለ ሦስት ሹካ ይደረግላቸዋል። ስፒከር ሳይገናኝ ደግሞ አይበራም፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። የመጀመሪያዋን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ኡኡ የሚል ጉርምርምታ ካለ በአብዛኛው የደረቁ አሮጌ ካፓሲተሮች ናቸው። ቲዩቡን በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ስትመቱት በስፒከሩ በኩል ደወል ከመሰለ፣ ያ ቲዩብ ደክሟል። ጀማሪዎች የሚወዷት ሞዴል ቻምፕ ትባላለች፤ የ1950ዎቹ መጨረሻዋ በጠቅላላው 3 ቲዩብ ብቻ ነው ያላት፣ 5 ዋት ገደማ ታወጣለች፣ ያላት መቆጣጠሪያ አንድ የድምፅ ቁልፍ ብቻ ነው። ሙሉ ንድፏ አንድ ገጽ ላይ ያልቃል። ሊዮ ለተማሪዎችና ለድሃ ሙዚቀኞች በርካሽ የሠራት ነች፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰው ይህን ሙያ ሲጀምር መጀመሪያ የሚገጣጥመው የእሷን ንድፍ ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። እሱ አርፎ የሚቀመጥ አልሆነም። የቀድሞ ሠራተኞቹ የጀመሩትን፣ በኋላ ሚውዚክ ማን የተባለውን ካምፓኒ ከጀርባ ሆኖ በገንዘብ ደገፈ። የውሉ 10 ዓመት ሲያልቅ በ1975 ፕሬዚዳንት ሆነ። የመጀመሪያ ምርታቸው ደግሞ ምን ይሆናል? አምፕሊፋየር። ግማሹ ትራንዚስተር፣ ግማሹ ቲዩብ የሆነ። በ1979 ኤስተር ሞተች፤ 45 ዓመት አብረው ኖረዋል። በዚያው ጊዜ ገደማ ከድሮ የሥራ ባልደረባው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የሚባል ሌላ የጊታር ካምፓኒ አቋቋመ። በ1980 እንደገና አገባ።

ሲቢኤስ በ1985 ፌንደርን ሸጠው። ገዢዎቹ እዚያው ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዋጋው 12.5 ሚሊዮን ዶላር፤ ከ20 ዓመት በፊት ከተገዛበት ያነሰ። አዲሶቹ ባለቤቶች ካምፓኒውን ከውድቀት ያወጡት የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ሞዴሎች እንደገና በመሥራት ነው። ሊዮ በሕይወት እያለ፣ በሌላ ካምፓኒ ውስጥ ሆኖ የወጣትነት ንድፎቹ ተመልሰው ሲሸጡ አየ። እሱ ግን ወደ ኋላ የሚያይ ዓይነት አልነበረም፤ የቅርብ ጊዜው ሥራው ሁሌም ከበፊቱ የተሻለ ነው ብሎ ያምን ነበር። ጊታሪስቶች ብዙዎቹ አይስማሙበትም።

በመጨረሻ ዓመታቱ ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም ያዘው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አካሉ ይከብደዋል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ይመጣና ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ማርች 20 ቀን 1991 እንደወትሮው ሥራ ገብቶ ነበር። በማግስቱ፣ ማርች 21፣ በ81 ዓመቱ አረፈ። ጂ ኤንድ ኤል ውስጥ የነበረችውን የሥራ ክፍሉን ባልደረቦቹ አልነኳትም፤ መሣሪያዎቹ ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ዘጓት።